የዓርብ ትንፋሽ

ጭቃው የመጣው የመስከረም በዓላት ባለፉ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መርከቧ ከባሕሩ ወለል በረጅም ቱቦ ወግታ ያወጣችው ጭቃ ወደ ቤተ ሙከራው ሲገባ በሩን ከፍቼ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ቱቦው ከእኔ ቁመት በአንድ ክንድ ይበልጣል። ላዩ ግራጫ ነው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየጠቆረ ይሄድና መጨረሻው ድፍን ጥቁር ይሆናል። ለሙከራው የተፈለገው መጨረሻው ነበር።

ያኔ ሥራዬ ዕቃ ማጠብ ነበር። ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ፣ በሃይፋ ባሕር ዳርቻ ባለው የምርምር ተቋም ብርጭቆ አጣቢ እንደሚፈለግ ሰምታ የነገረችኝ እናቴ ናት። እሷ በዚያው ሕንፃ ጽዳት ትሠራ ነበር። እኔን የቀጠረኝ ተቋሙ ነው፤ እሷ ግን የካብላን ሠራተኛ ነበረች። ካብላን የምንለው የጽዳት ሠራተኞችን ቀጥሮ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያሰማራውን ተቋራጭ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በእኔ ላይ ቅሬታ ቢነሣ ተጠርቼ እጠየቃለሁ። በእሷ ላይ ቢነሣ ግን በማግስቱ ሌላ ሴት ትመጣለች። እኔ በገባሁበት ዓመት ሀዳር ከሚባለው ሰፈር የምትመጣ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ፣ የወለል ማሽን ለመሰካት ብላ የአንድ ማቀዝቀዣ ገመድ ነቀለች። በማግስቱ አልመጣችም። የተቆጣም የጮኸም አልነበረም፤ አልመጣችም፣ በቃ።

እናቴ ከዚያ በፊት ክርያት አታ አጠገብ በአንድ የዶሮ ማሸጊያ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ቀኑን ሙሉ በቅዝቃዜ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው አይታጠፉም። ለሁለቱም ቦታ ሰው የሚያቀርበው ያው ካብላን ስለሆነ፣ ከተቋሙ ቢያነሣት የሚመልሳት ወደ ዶሮው ቤት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ለምን ዝም እንዳልሁ እንዲታወቅ ነው።

ጭቃው የአንዲት የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች፤ እየሄደች የምትናገር፣ እየተናገረች የምትበላ ሰው ነበረች። ያወቀችኝ በዝርዝሬ ነው። የማጥባቸውን ብርጭቆዎች ቁጥር ሰጥቼ፣ የትኛው የት ላይ ጭረት እንዳለው በደብተር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን ከመታጠቢያው ጠርዝ አንሥታ ቆማ አነበበችው። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ለብርጭቆ የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር አለችኝ። ከቀልዷ ቀጥላም፣ ወደ ባሕር በምትወጣባቸው ቀናት የእሷን ጠርሙሶች ልለካላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እችላለሁ አልሁ። ከጊዜ በኋላ ባትወጣም የምለካው እኔ ሆንሁ።

ስለ ጭቃው የማውቀውን ያገኘሁት ሰዎች በኮሪደሩ ላይ ከሚጥሏቸው አሮጌ መጻሕፍት ነው። በአውቶቡስ ላይ አነብባቸው ነበር። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ትርጉሙን ሳላገኝ ወደሚቀጥለው ገጽ አላልፍም፤ በዚህም ምክንያት አንዱ መጽሐፍ ብቻውን አምስት ወር ፈጀብኝ። ከባሕር ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን የሚደርሰው ላይኛው ስስ ሽፋን ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች በባሕር ውኃ ውስጥ ባለው ሰልፌት በተባለ ጨው የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ ጭቃው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው በእነሱ የተነሣ ነው። ሰልፌቱ ባለቀበት ቦታ ደግሞ ሌሎች ይኖራሉ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሌላው በልቶ የተወውን ይበላሉ፤ ሜቴን የተባለ ጋዝ ያስወጣሉ፤ አየር ከነካቸው ይሞታሉ። ሜቴን ቀለምም ሽታም የለውም። መኖሩ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው፤ እኔም የወደድሁት ይህንኑ ይመስለኛል።

ጠርሙሶቹ ሦስት ነበሩ። ጥቁሩ ጭቃ አየርና ሰልፌት ከወጣለት የባሕር ውኃ ጋር ተደባልቆ፣ ለሕዋሳቱ ትንሽ ምግብ ተጨምሮበት ተሞላባቸው። አፋቸው በወፍራም ጎማ ተደፍኖ በሽቦ ታሰረ። በጎማው መካከል አንድ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ያልፋል፤ በቱቦው ላይ የምትዞር ትንሽ እጀታ አለች። እጀታዋ አግድም ስትሆን ዝግ፣ ከቱቦው ጋር ስትስተካከል ክፍት ነው። እሁድና ሐሙስ እጀታዋን ከፍቼ በዚያ በኩል በመርፌ ጋዝ እቀዳለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ፤ በመሣሪያው ውስጥ አሳልፌ የወጣውን ቁጥር እጽፋለሁ። ተማሪዋ ጠርሙሶቹን «ተከራዮቼ» ትላቸው ነበር። ጠዋት ስትገባ፣ ተከራዮቼ አደሩ ወይ ትለኛለች።

ሜቴኑ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ይጨምራል። በሚቀጥለው እሁድ ስለካው ግን ሐሙስ ከነበረው ያነሰ ሆኖ አገኘዋለሁ። በሦስቱም ጠርሙሶች፣ በየሳምንቱ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲሣል የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ተማሪዋ መጀመሪያ ለሰንበት የሕንፃው ማሞቂያ ስለሚጠፋ ነው፣ ሕዋሳቱ በርዷቸው ዘግይተው ነው አለች። የዘገየ ነገር ባለበት ይቆያል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም አልኋት። እርሳሷን አስቀምጣ ተመለከተችኝ። ከዚያ፣ እንግዲያው የሚበላው አለ ማለት ነው አለች። በጭቃ ውስጥ ያለ አየር ሜቴን የሚበሉ ሕዋሳት እንዳሉ ይታወቃል፤ ብርዱ ለእነሱ ተመችቷቸው ይሆናል። በዚህ ሐሳብ በጣም ተደሰተች። ከፑሪም በዓል በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ለአማካሪዋ ፕሮፌሰር ልታቀርበው ማዘጋጀት ጀመረች።

ዛፍ ከሚተከልበት በዓል በኋላ ባለው እሁድ ጠዋት የሦስተኛውን ጠርሙስ እጀታ ገደድ ብላ አገኘኋት። በጣም አልዞረችም፤ የጥፍር ውፍረት ያህል ነው። ዘጋኋት። ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ከምንም አይቆጠርም ነበር፤ የጭቃው ላይም ከጥቁር ወደ ቡናማ መለወጥ ጀምሮ ነበር። በደብተሩ ላይ «ሦስተኛው፣ እጀታው ክፍት፣ ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍሁ።

ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር በደብተሬ ላይ መተው አልወድም። በዚያው ሳምንት ዓርብ የሥራ ቀኔ ሳይሆን ከሰፈራችን ከሃሊሳ ተነሥቼ ሄድሁ። ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በኮሪደሩ ሰው አልነበረም። የቤተ ሙከራው በር መስተዋት አለው። እናቴ ወለሉን ጨርሳ መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋለች። እጇን ታጠበችና በሽርጧ ሳይሆን በንጹሕ ወረቀት አደረቀችው። ወደ መጀመሪያው ጠርሙስ ሄዳ እጀታውን አዞረች፤ ጆሮዋን ወደ ቱቦው አስጠጋች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጥቂት ቆይታ ዘጋችው፤ በአውራ ጣቷም ገፋ አድርጋ መጥበቁን አረጋገጠች። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ አደረገች። መብራቱን ልታጠፋ ስትዞር እንዳታየኝ ወደ ደረጃው ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ዝም አልሁ። ብናገር፣ እናቴ ያቺ የሀዳሯ ሴት የማቀዝቀዣ ገመድ ከመንቀሏ የባሰ ነገር እንዳደረገች ነው የምትቆጠረው። ባልናገር፣ ተማሪዋ የሌለ በላተኛ ለፕሮፌሰሩ ታቀርባለች። ቁጥሮቹን እንደወትሮው በትክክል እየጻፍሁ፣ የቁጥሮቹን ምክንያት በሆዴ ይዤ ከረምሁ። እናቴ በየዓርቡ ማስተንፈሷን ቀጠለች፤ እኔም በየእሁዱ የወረደውን ለካሁ።

ለእናቴ የነገርኋት ከፑሪም በፊት ባለው ሰንበት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«እማ፣ ዓርብ ዓርብ ጠርሙሶቹን ትከፍቻለሽ?»

«አስተነፍሳቸዋለሁ እንጂ አልከፍታቸውም።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ሰንበት ሊገባ ሲል ማን ያዛል? የሚፈላ ነገር አፉ ተመርጎ ለሰንበት አይተውም። አንተ ሐሙስ ለክተህ ትሄዳለህ። ዓርብ ማን አላቸው?»

ከዚያ ከዚህ ቀደም ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። በጎንደር ገጠር፣ እሷ ገና ልጅ ሳለች፣ የጠላው ድፍድፍ በጋን ተደርጎ አፉ በጭቃ ይመረግ ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ከምርጉ ጥግ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍታ ይተነፍስና መልሶ ይደፈናል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ የሚነካው የለምና። አንድ ዓርብ ተረሳ። በሰንበት ጠዋት ጋኑ ከወገቡ ተሰነጠቀ። ድፍድፉ በቤቱ መካከል ሲፈስ ቤተሰቡ ሁሉ ተቀምጦ አየው። ስንጥቁን በእጁ ልያዝ ብሎ የተነሣ የለም፤ ሰንበት ነው። አባቷ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አስተላለፉት እንጂ ከመደባቸው አልወረዱም። ማታ፣ ሰንበት መውጣቱ የሚታወቅበት ሦስት ኮከብ እስኪታይ ድረስ እንደፈሰሰ ቆየ አለችኝ።

በጠርሙሶቹ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም ነገርኋት። እስከዚያ ቀን አንድ ዓይነት መድኃኒት እየተፈላ ይመስላት ነበር።

«ነፍስ አላቸው?» አለች።

«በዓይን አይታዩም። ግን ሕያዋን ናቸው። አየር ሲነካቸው ይሞታሉ።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። «ገደልኋቸው እንዴ?»

ሁለቱ ደኅና እንደሆኑ፣ ሦስተኛው ግን የሞተ እንደሚመስል ነገርኋት። ስለ ካብላኑም አነሣሁ። በደብተሩ ላይ ምክንያቱ አልታወቀም ተብሎ ስለተጻፈ እንዲያው ሊቀር እንደሚችል፣ ከዛሬ ወዲያ ካልነካቻቸው ማንም እንደማይጠይቅ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የሠራሁትን እኔው እናገራለሁ» አለች። «አንተ ቋንቋውን ብቻ አቀብለኝ።»

እሁድ ጠዋት በሥራ ልብሷ መጣች። ተማሪዋ በኮምፒውተሩ ላይ ለስብሰባው የምታሳየውን ሥዕል እያስተካከለች ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፤ ወንበር ስትቀርብላት ግን አልተቀመጠችም። በአማርኛ ነገረቻት፤ እኔ ወደ ዕብራይስጥ መለስሁት። ስለ ጋኑም እንድመልስላት ስለፈለገች እሱንም መለስሁ። ተማሪዋ ፊቷ ቀላ። ወደ ሥዕሉ ዞረች።

«ለካ በላተኞቼ መወልወያ ይዘው ነው የሚመጡት» አለች።

እናቴ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ነገርኋት።

«እኔስ አልበላሁም በላት። ያስወጣሁት ወደ ውጭ ነው።»

ይህን ስመልስላት ተማሪዋ ሳቀች፤ ረጅም ሳቅ ግን አልነበረም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፤ የሚወጣው ጋዝ ድምፅ ጭራሽ እስኪጠፋ ድረስ ነው የምትተይው? እናቴ ጥያቄው ራሱ የሞኝ ጥያቄ እንደሆነ ሁሉ አየችኝ። ሳይጨርስ እንደምትዘጋው፣ ጨርሶ ካወጣ አየር ገብቶ እንደሚኮመጥጥ፣ ይህንንም ሕፃን ልጅ እንኳ እንደሚያውቀው ተናገረች። ተማሪዋ መጻፍ ጀመረች። ጋዙ ገና እየገፋ ሳለ ከተዘጋ አየር ወደ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ምን ያህል ጊዜ ነው ክፍት የሚቆየው ስትል፣ እናቴ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» የሚለውን ሦስት ጊዜ እስክትል ድረስ ነው አለች። ተማሪዋ ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን ያዘች፤ እናቴ በለሆሳስ ሦስት ጊዜ አለች። ደጋግማ አስባለቻት። በአምስቱ ሙከራዎች መካከል የአንድ ሰከንድ ልዩነት አልነበረም።

ያኔ እናቴ ተቀመጠች። በዚያ ክፍል ሦስት ዓመት ስትሠራ ስትቀመጥ ያየኋት ያን ቀን ነው። ተማሪዋ የመጋዙን ሥዕል አትማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ እናቴ ዓርቦቹን አንድ በአንድ ትቆጥርላት ጀመር። ቀን በቁጥር አታውቅም። ከስግድ በዓል በፊት ያለው ዓርብ፤ ስግድ ውሎ ድካም የያዛት ዓርብ፤ በሐኑካ በዓል ሻማ ስንት እንደተበራ፤ ዝናቡ ደረጃውን ያጥለቀለቀበት ዓርብ። ተማሪዋ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ምልክቱ ሁሉ ከቁልቁለቱ ጋር ይገጥም ነበር። መጀመሪያ ካስተነፈሰችበት ዓርብ በፊት በሥዕሉ ላይ ጥርስ እንደሌለም ያኔ ነው ያየነው። እኔ ግን ያን ያህል ሳምንት አፍጥጬበት አላስተዋልሁትም።

እርሳሱ ሦስተኛው ጠርሙስ ወደሞተበት ሳምንት ደረሰ። እናቴ አለፈችው።

«ያን ዓርብ አልነበርሁም» አለች።

ተማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። ረስታ ይሆናል ብዬ፣ ዛፍ የሚተከልበት በዓል ያለበት ሳምንት መሆኑን ለእናቴ ነገርኋት።

«አውቃለሁ። ክርያት አታ ለቅሶ ነበረብን። ሐሙስ ሄጄ እዚያው አደርሁ። አንተ ዓርብ ቀትር ላይ ደረስህብን፤ ሸሚዝህ በላብ ርሶ። የዚያን ዓርብ ወለል የወለወልሁት እሁድ ነው።»

ተማሪዋ ያን ሳምንት ባሕር ላይ ነበረች። ተጨማሪ ልኬት ስለፈለገች ዓርብ ጠዋትም እንድለካላት ጠይቃኝ ነበር። ለካሁ። የሦስተኛውን ስጨርስ የክርያት አታ አውቶቡስ ሊሄድ ስምንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ መርፌውን አጥቤ፣ ቁጥሩን ጽፌ፣ ሮጥሁ። ቁጥሩ በደብተሩ ላይ አለ፤ በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል። እጀታውን አጥብቄ ስለመዝጋቴ ግን አሁን ላስታውስ ብሞክር እጄ የሚያስታውሰው ነገር የለም።

እናቴ ዓርብ ለሥራ ብቻ መጥታ ወደ ለቅሶው የተመለሰች መስሎኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። እጀታውን በአውራ ጣቷ ገፍታ መጥበቁን ስታረጋግጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ገደድ ብሎ ካገኘሁት እጀታ ጋር ግን አላገናዘብሁትም። የብርጭቆ ጭረት የምቆጥር ሰው ይህን ሳልመረምር እንደተረጋገጠ ነገር ሦስት ሳምንት ይዤው ኖርሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ፤ መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።

እናቴ ወደ ሥዕሉ እያየች፣ «ቸኩለህ ነበር» አለች። ከዚያ ተነሥታ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

በቤተ ሙከራ ደብተር የተሳሳተ ነገር አይፋቅም። የቀድሞው እንዲነበብ ተደርጎ በአንድ መስመር ይሠረዛል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ የጻፈው ይፈርማል። «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚለውን ሠረዝሁት። ከጎኑ «ዓርብ ጠዋት ለክቼ እጀታውን አጥብቄ ሳልዘጋ የሄድሁት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምሁ። ደብተሩን ፕሮፌሰሩም ያነበዋል። ያ መስመር እንደነበረ ቢቀር ኖሮ፣ ሲያነብ መጀመሪያ የሚያስበው ማንን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሦስተኛው ጠርሙስ ከሙከራው ወጣ። የሁለቱ ልኬት ግን ዳነ፤ በየዓርቡ የወጣው ጋዝ ተሰልቶ ሲደመርበት መጋዙ ቀጥ ያለ ዳገት ሆነ። ስለ በላተኞቹ የተዘጋጀው ሥዕል ለስብሰባው አልቀረበም። እኔ እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ መለካት ተከልክዬ ወደ ዕቃ ማጠብ ብቻ ተመለስሁ። ተገቢ ነበር።

እናቴን በሚመለከት ፕሮፌሰሩ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ ሴት እስከ መጨረሻው ትመጣለች ወይ? ተማሪዋ እንደነገረችኝ፣ ሙከራ በመካከሉ አሠራሩ ከተለወጠ የፊተኛውና የኋለኛው አይነጻጸርም። ስለዚህ ጠርሙሶቹ እንደ እስካሁኑ፣ በዚያው ዓርብ ቀትር፣ በዚያው በሦስቱ ይትባረክ ልክ መተንፈስ ነበረባቸው። ለካብላኑ ሁለት መስመር ደብዳቤ ተጻፈለት፤ የዚህ ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ እስከ በጋው መጨረሻ እንዳትቀየር የሚል። ምክንያቱ አልተጠቀሰም። ካብላኑም አልጠየቀም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ በዕብራይስጥ «ቤሰደር» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው፤ ዓርብ ትንሽ ሥራ እንደተጨመረባት ብቻ የነገርናት ይመስል።

በደብተሩ ላይ ለዓርብ አንድ ዓምድ ተሠመረ። እናቴ ጽሕፈት ስለማታውቅ ጠርሙሶቹን ስታስተነፍስ ለእያንዳንዱ አንዳንድ አጭር ቁም መስመር ታኖራለች። እሁድ ጠዋት፣ ለመለካት ከተመለስሁ በኋላ፣ መጀመሪያ የማየው ያን ነበር። ሁለት መስመር፣ እኩል ቁመት። አንድም ዓርብ አልጎደለም።

በጋው ሲያልቅ ሙከራው ተዘጋ። ሦስቱንም ጠርሙሶች ያጠብሁት እኔ ነኝ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ነጹ። በሦስተኛው ውስጥ፣ ጭቃው አየር ባገኘበት ከፍታ ላይ፣ ዙሪያውን የዝገት መልክ ያለው ቀለበት ቀርቶ ነበር፤ በአሲድ ካልሆነ አይለቅም። በዝርዝሬ ላይ አሰፈርሁት፤ ቁጥሩን፣ ቀለበቱ ከሥሩ ስንት ጣት ከፍ ብሎ እንዳለ፣ ከየትኛው ዓርብ እንደሆነ። እናቴ ወለሉን እየወለወለች በኋላዬ ስታልፍ ቆም አለችና እስክጨርስ ጠበቀች። ቧንቧውን ዘጋሁ። እጇን ዘርግታ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤ መጥበቁን አይታ አለፈች።